ድምፅ አይጠብቅም

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1993 የወጣውን «ዱም» የተባለ የኮምፒውተር ጨዋታ ለመጫወት የተቀመጠ ሰው ከጭራቆቹ ጋር ከመፋለሙ በፊት አንድ መጠይቅ መሙላት ነበረበት። የማስተካከያው ፕሮግራም በተራ ይጠይቀዋል። የድምፅ ካርዱ የትኛው ነው? ሳውንድ ብላስተር? አድሊብ? ፕሮ ኦዲዮ ስፔክትረም? ግራቪስ አልትራሳውንድ? ካርዱ የተቀመጠበት አድራሻስ 220 ነው ወይስ 240? ፕሮሰሰሩን የሚጠራበት መስመር 5 ነው ወይስ 7? የብዙዎቹ ጥያቄዎች መልስ ካርዱ ላይ በተሰኩ ጥቃቅን ጃምፐሮች አቀማመጥ የተወሰነ ነው፤ ኮምፒውተሩን ፈትቶ ያላየ ሰው ይገምታል። ግምቱ ከሳተ ጨዋታው ድምፅ አልባ ይሆናል፤ ቁጥሩ ከሌላ ዕቃ ቁጥር ጋር ከተጋጨ ደግሞ ማሽኑ እዚያው ድርቅ ይላል።

ጣጣው የመጣው ዶስ የሚባለው ስርዓተ ክወና ለድምፅ ካርድ ምንም ደንብ ስላልነበረው ነው። ፋይል ለመክፈት፣ ከኪቦርድ ለማንበብ፣ ዲስክ ላይ ለመጻፍ ዶስ የታወቀ መንገድ ነበረው። ድምፅ ማውጣት የፈለገ ፕሮግራም ግን ስርዓተ ክወናውን አልፎ ከብረቱ ጋር ራሱ መነጋገር ነበረበት። ስለዚህ እያንዳንዱ ጨዋታ ገበያ ላይ ላሉት ካርዶች የሚሆን ድራይቨር፣ ማለትም ካርዱን የሚያናግር ፕሮግራም፣ በሆዱ ተሸክሞ ይሸጥ ነበር።

ደንብ በሌለበት ገበያው የራሱን ደንብ አወጣ። በሲም ዎንግ ሁ የሚመራው የሲንጋፖሩ ክሪኤቲቭ በ1989 ሳውንድ ብላስተርን ሲያወጣ፣ በጊዜው ታዋቂ በነበረው አድሊብ ካርድ ላይ ያለውን የያማሃ ቺፕ አብሮ አስገባበት፤ ለአድሊብ የተጻፈ ጨዋታ ሁሉ በአዲሱ ካርድም ተሰማ። ብዙ ሳይቆይ የሌሎች አምራቾች ካርቶን ላይ «ከሳውንድ ብላስተር ጋር ይስማማል» የሚል ጽሑፍ ይነበብ ጀመር። 32 ድምፆችን በራሱ ቺፕ አቀላቅሎ ማውጣት የሚችለው የካናዳው ግራቪስ አልትራሳውንድ እንኳ ለብዙ ጨዋታዎች ሲባል ሳውንድ ብላስተር መስሎ መታየት ነበረበት። ማንም ተሰብስቦ ሳይስማማበት የአንድ ኩባንያ ዕቃ፣ ከነጉድለቱ፣ ሕግ ሆነ።

ስርዓተ ክወና ለድምፅ መሣሪያዎች ሁሉ አንድ በር ማበጀት ለምን እንደሚያስፈልገው ያሳየው ይህ ድካም ነው። ሥራውን ማይክሮሶፍትም አፕልም ሠርተውታል፤ እነሱ ግን የወሰኑት በዝግ ቤት ነው። ኮዱ ለሁሉም ክፍት በሆነው ሊኑክስ በተባለው ስርዓተ ክወና ውስጥ ጉዳዩ ሠላሳ ዓመት ያህል በአደባባይ አከራክሯል፣ ስህተት ተሠርቶበታል፣ ታርሟል። ለዚህ ነው ይህ ዘገባ ሊኑክስን የመረጠው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ግን ድምፅ ከኮምፒውተር የሚጠይቀውን ማወቅ ያስፈልጋል። ዛሬ አንድ ላፕቶፕ ሙዚቃ ሲያጫውት ለእያንዳንዱ ጆሮ በሰከንድ 48,000 ቁጥሮች ወደ ስፒከሩ ይልካል። በሁለት ቁጥሮች መካከል ያለው ጊዜ 21 የሰከንድ ሚሊዮንኛ ገደማ ነው። ፕሮሰሰሩ በዚያች ቅጽበት ኢሜይል እያመጣ፣ ገጽ እየሳለ ሊሆን ይችላል። ምስል ለጥቂት ቅጽበት ቢዘገይ ዓይን ያልፈዋል። አንዲት የድምፅ ቁጥር ስትጎድል ግን ጆሮ «ቀጭ» የሚል ስንጥቅ ይሰማል። ስለዚህ ቁጥሮቹ አስቀድመው ተዘጋጅተው ማቆያ ውስጥ ይጠራቀማሉ፤ ካርዱ ከማቆያው እየቀዳ ያወጣል።

ይህን የአዲስ አበባ ሰው ከሮቶው ያውቀዋል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሮቶው ትልቅ ከሆነ ቧንቧው አይደርቅም፤ ነገር ግን ዛሬ የገባው ውኃ የሚወጣው ከትናንቱ ኋላ ተሰልፎ ነው። ማቆያው 1,024 ቁጥር ቢይዝ ድምፁ በ21 ሚሊሰከንድ ይዘገያል። ፊልም ለሚያይ ሰው ይህ ምንም አይደለም። የጆሮ ማዳመጫ አድርጋ የራሷን ድምፅ በኮምፒውተሩ በኩል እየሰማች ለምትቀርጽ ዘፋኝ ግን ሰባት ሜትር ርቆ ከቆመ ስፒከር ራሷን እንደመስማት ነው፤ ምቱ ይሸሻታል። ማቆያው ወደ 256 ሲወርድ መዘግየቱ 5 ሚሊሰከንድ ከምናምን ይሆናል፤ መንገዱም ሁለት ሜትር አይሞላም። ያን ጊዜ ዘፋኟ ትረጋጋለች፣ ፕሮሰሰሩ ግን በሰከንድ ወደ 190 ጊዜ ያህል መንቃት አለበት፤ አንዴ ቢያንቀላፋ ስንጥቁ ይሰማል። ፊልም ተመልካቹ የሚፈልገው ትልቅ ማቆያና የማያልቅ ባትሪ ነው፤ ዘፋኟ የምትፈልገው ተቃራኒውን ነው። የሊኑክስ የድምፅ ታሪክ በሙሉ እነዚህን ሁለት ሰዎች በአንድ በር የማስገባት ትግል ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የመጀመሪያው በር የተወረሰው ዩኒክስ ከተባለው ቀደምት ስርዓተ ክወና ነው። በዩኒክስ ልማድ መሣሪያ እንደ ፋይል ይታያል። በ1980ዎቹ ማብቂያ በወጡት የሰን ኩባንያ ማሽኖች ላይ ይህ ዓይን የሚገባ ነገር ነበር፦ አንድ ተማሪ የድምፅ ፋይሉን «ካት» በሚባለው ተራ ትእዛዝ አንብቦ ውጤቱን «ዴቭ ኦዲዮ» ወደሚባለው ፋይል ሲያዞረው ከማሽኑ ሆድ የሰው ድምፅ ይወጣል። ጥራቱ የስልክ ያህል ነው፣ በሰከንድ 8,000 ቁጥር ብቻ። ሆኖም መጠይቅ የለም፣ የካርድ ስም የለም፣ የመስመር ቁጥር የለም። ጽሑፍ ማተሚያ ላይ ለማውጣትም ሆነ ድምፅ ለማሰማት አንድ ዓይነት ሰዋስው በቂ ነበር።

ከርነል የሚባለው የሊኑክስ እምብርት ሄልሲንኪ ላይ በተወለደ በዓመቱ፣ በ1992፣ ሐኑ ሳቮላይነን የተባለ ፊንላንዳዊ ለሳውንድ ብላስተር ድራይቨር ጻፈ። ሥራው አድጎ ኦኤስኤስ በሚል አህጽሮት ታወቀ። አጠቃቀሙ ቀላል ነበር። ፕሮግራሙ «ዴቭ ዲኤስፒ» የሚባለውን ፋይል ይከፍታል፤ ሦስት ነገር ይናገራል፦ የቁጥሮቹ ዓይነት፣ የመስመሮቹ ብዛት፣ በሰከንድ ስንት ቁጥር እንደሚልክ፤ ከዚያ መጻፍ ነው። ከሥር ያለው ካርድ የማንም ይሁን፣ ፕሮግራሙን አይመለከተውም። ሌሎች የዩኒክስ ቤተሰቦችም ተቀበሉት። ፍሪቢኤስዲ ዛሬም ፕሮግራሞችን የሚያስተናግደው በዚሁ ደንብ ነው።

ችግሩ በሩ ጠባብ መሆኑ ነበር። በብዙዎቹ ካርዶች ላይ በአንድ ጊዜ የሚገባው አንድ ፕሮግራም ብቻ ነው። ሙዚቃ እየተጫወተ ሳለ ሌላ ፕሮግራም ሲያንኳኳ «መሣሪያው ሥራ ላይ ነው» የሚል መልስ ያገኛል። ሌላም ችግር ነበር፤ ሳቮላይነን የተሟላውን ሥራ ፎርፍሮንት በተባለ ኩባንያ በኩል በክፍያ ሲያቀርብ በከርነሉ ውስጥ የቀረው ነፃ ቅጂ ወደ ኋላ ቀረ። ኩባንያው በ2007 ኮዱን ሁሉ ነፃ ሲያደርግ ዓለም ወደ ሌላ መንገድ ሄዶ ነበር።

ያን ሌላ መንገድ የጀመረው ያሮስላቭ ኪሴላ የተባለ የቼክ ፕሮግራመር ነው። መነሻው ያ ሳውንድ ብላስተር መስሎ እንዲኖር የተገደደው ግራቪስ አልትራሳውንድ ነበር። ለካርዱ ሙሉ ችሎታ የሚመጥን ድራይቨር ሲጽፍ ሥራው በ1998 አልሳ ወደሚባል ሰፊ ፕሮጀክት ተለወጠ። በ2002 ወደ ከርነሉ የልማት ቅጂ ገባ፤ በዲሴምበር 2003 በወጣው 2.6 ከርነል የሊኑክስ ዋና የድምፅ ደንብ ሆነ። አልሳ ብዙ መስመር ያላቸውን የስቱዲዮ ካርዶች፣ እየቀረጹ ማጫወትን፣ የእያንዳንዱን ካርድ የድምፅ ማስተካከያ ሁሉ በዝርዝር አስተናገደ።

ዝርዝሩ ግን ሰው ላይ ወደቀ። በእነዚያ ዓመታት ሊኑክስ የጫነ ሰው የሚያስታውሰው ነገር አለ። ካርዱ ታውቋል፣ ድራይቨሩ ተነሥቷል፣ ስህተት የለም፣ ድምፅም የለም። ጥቁር መስኮት ከፍቶ «አልሳሚክሰር» ብሎ ሲጽፍ ቀጫጭን ዓምዶች ተደርድረው ይመጣሉ፤ ከሥራቸው ማስተር፣ ፒሲኤም፣ ሲዲ፣ ላይን፣ ማይክ ይላል። ከየዓምዱ ግርጌ ባለች ትንሽ ሣጥን ውስጥ ሁለት «ኤም» ፊደሎች አሉ። ካርዱ አፉ ተዘግቶ ነው የተነሣው ማለት ነው፤ አልሳ ሲነሣ ሁሉንም መስመር ዘግቶ ይጀምር ነበርና። ሰውየው በቀስት ቁልፍ ማስተር ላይ ሄዶ «ኤም»ን ሲጫን ፊደሎቹ ወደ ሁለት ዜሮ ይለወጣሉ። አሁንም ዝም። ፒሲኤም ላይ ሄዶ ይደግማል። ያን ጊዜ ሙዚቃው ከመሃሉ ይፈነዳል። ፒሲኤም ከማስተር የተለየ መሆኑን፣ ሁለቱም ካልተከፈቱ እንደማይሰማ ማን ነገረው? ደንቡ የብረቱን የውስጥ ሽቦ እንዳለ አውጥቶ አሳይቶታል። ለመሐንዲስ ታማኝነት ነው፤ ለሌላው ሰው ግን ሸክም ነው።

የካርዶቹ ስምም ቁጥር ነበር፦ ዜሮ፣ አንድ፣ ሁለት። ዩኤስቢ ማይክ ተሰክቶ ማሽኑ ሲነሣ ማይኩ ቀድሞ ከደረሰ ዜሮ ቁጥርን ይወስዳል፤ ያን ቀን ሙዚቃው ስፒከር ወደሌለው ማይክ ይላካል።

በሩ ላይ ያለውን ሰልፍ ለማስተናገድ ደግሞ ከበላይ ሌሎች በሮች ተሠሩ። ግኖም የሚባለው የዴስክቶፕ ወገን ኢኤስዲን ይዞ መጣ፤ ኬዲኢ አርትስን። ሁለቱም የብዙ ፕሮግራሞችን ድምፅ አቀላቅለው ለካርዱ የሚያቀርቡ አገልጋዮች ናቸው፤ ሁለቱ እርስ በርሳቸው ግን አይግባቡም። ውጤቱን በየሙዚቃ ማጫወቻው ማስተካከያ ገጽ ማየት ይቻል ነበር፦ ድምፁ በየት ይውጣ? በኦኤስኤስ? በአልሳ? በኢኤስዲ? በአርትስ? ዶስ ላይ የነበረው መጠይቅ ተመልሶ መጣ። የካርድ ስም በሶፍትዌር ስም ተተካ እንጂ የተጠቃሚው ግምት ያው ግምት ነው።

የዘፋኟን ጉዳይ በቁም ነገር የያዘው ፖል ዴቪስ ነው። አማዞን መጻሕፍት መሸጥ ሊጀምር ሲዘጋጅ ከቀጠራቸው የመጀመሪያዎቹ ፕሮግራመሮች አንዱ ነበር፤ ከዚያ ወጥቶ ሕይወቱን ለሙዚቃ ሶፍትዌር ሰጠ። በ2002 ብቅ ያለው ጃክ የተባለው ሥራው አሠራሩን ገለበጠው። እስከዚያ ድረስ ፕሮግራሙ ነበር በፈለገው ሰዓት ቁጥሮቹን ወደ በሩ የሚገፋው። በጃክ ግን ካርዱ የሰዓቱ ባለቤት ነው፦ ጊዜው ሲደርስ እያንዳንዱን ፕሮግራም በተራ ይጠራል፣ «256 ቁጥር፣ አሁን» ይላል። ያልደረሰለትን አይጠብቅም። ከበሮው ከአንድ ፕሮግራም፣ ክራሩ ከሌላ፣ ድምፅ መቅጃው ከሦስተኛ ቢመጣም ሁሉም በአንዲት ቁጥር ሳይዛነፉ ይገጥማሉ። በእኔ ዕይታ ከዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ንጹሑ ሐሳብ ይህ ነው። ሆኖም ጃክ ጥብቅ ነው፤ ሁሉም በአንድ ፍጥነት፣ በአንድ መጠን እንዲሄዱ ያስገድዳል፣ ፕሮሰሰሩን እንቅልፍ ይነሣል። ፊልም ማየት ብቻ የሚፈልግ ሰው ላፕቶፑ ላይ አይፈልገውም።

የፊልም ተመልካቹን ወገን የያዘው ደግሞ ሌናርት ፖተሪንግ ነበር። በ2004 የጀመረው ፐልስኦዲዮ በኖቬምበር 2007 ፌዶራ 8 የተባለው የሊኑክስ ስርጭት መደበኛ የድምፅ አገልጋይ ሆነ፤ ኡቡንቱ የተባለው ስርጭት በ2008 ተከተለ። ለእያንዳንዱ ፕሮግራም የየራሱ ድምፅ ማስተካከያ መጣ። ሙዚቃው ሳይቋረጥ ከስፒከር ወደ ጆሮ ማዳመጫ ማዛወር ተቻለ። ባትሪ ለመቆጠብም አዲስ ዘዴ ይዞ ነበር፦ ትልቅ ማቆያ ይሞላል፣ ይተኛል፣ ካርዱ የት እንደደረሰ አስልቶ ሊያልቅ ሲል ይነቃል፤ በመሃል አዲስ ድምፅ ከመጣ ወደ ኋላ ተመልሶ የተጻፈውን ያርማል።

ዘዴው የቆመው ካርዱ «እዚህ ደርሻለሁ» ሲል እውነቱን ይናገራል በሚል እምነት ላይ ነበር። ብዙ ድራይቨሮች እውነቱን አይናገሩም ነበር። ቀደም ሲል ማንም ያን ያህል በትክክል ጠይቋቸው ስለማያውቅ ስህተታቸው አልታየም። ፐልስኦዲዮ ሲጠይቃቸው ድምፅ ተቆራረጠ፣ ተንተባተበ፣ ጠፋ፤ ሰዉም የተቆጣው በፐልስኦዲዮ ላይ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ቅጂዎች የራሳቸው ስህተት ነበረባቸው፤ ስርጭቶቹም ሳይበስል ቸኩለው አስገብተውታል። ነገር ግን ዛሬ በላፕቶፕ ላይ ድምፅ ያለችግር የሚሠራው በእነዚያ የምሬት ዓመታት ድራይቨሮቹ አንድ በአንድ ስለታረሙ ነው። ያን ሥራ የሠሩ ሰዎች ያተረፉት ስድብ ነው፤ ይህ ፍርደ ገምድልነት እስካሁን ያሳዝነኛል።

የብረቱ ወገን ደግሞ የራሱን ደንብ አውጥቶ ነበር። ኢንቴል በ1997 ኤሲ 97ን፣ በ2004 ኤችዲ ኦዲዮን አወጣ፤ የሳውንድ ብላስተር ዘመን አበቃ። በወረቀት ላይ ሁሉም ላፕቶፕ አንድ ሆነ። ግን ቺፑ ላይ ካሉት እግሮች የትኛው ወደ ስፒከር፣ የትኛው ወደ ማይክ እንደሚሄድ የሚወስነው ላፕቶፑን የገጣጠመው ኩባንያ ነው፤ ይህንንም በሠንጠረዥ ጽፎ ማስቀመጥ አለበት። ብዙዎቹ ሠንጠረዡን በስህተት ሞሉት፤ የራሳቸው የዊንዶውስ ድራይቨር ስህተቱን ስለሚያውቅ አልታወቃቸውም። በሊኑክስ ላይ ግን የጆሮ ማዳመጫ ሲሰካ ስፒከሩ አልዘጋ አለ፣ ማይኩ ሞተ። ሪልቴክ ለተባለው ኩባንያ የድምፅ ቺፖች ብቻ የተጻፈው የከርነሉ ፋይል፣ በዚህ ሞዴል ይህን እግር ወደዚያ አዙር በሚሉ እርማቶች እየተሞላ ከ10,000 መስመር በላይ አደገ። በየመስመሩ ኋላ ድምፅ የማይሰማው ላፕቶፕ የያዘ አንድ ሰው አለ።

ዩኤስቢ ይህን ያህል መከራ አላየም። በ1998 የወጣው የዩኤስቢ የድምፅ ደንብ መሣሪያው ራሱን እንዲገልጽ ያስገድደዋል፦ ስንት መስመር አለኝ፣ በምን ፍጥነት እሠራለሁ፣ ማስተካከያዬ የቱ ነው። መግለጫውን የጻፈው ዕቃውን የሠራው ሰው ስለሆነ ስህተቱ ያንሳል። ለዚህ ነው ተራ የዩኤስቢ ማይክ አብዛኛውን ጊዜ የትም ቢሰካ የሚሠራው። ደንብ ጽፎ ማውጣት ብቻ አይበቃም፤ ማን ምን እንዲናገር ያስገድዳል የሚለው ነው ልዩነቱ።

ሁለቱን ወገኖች፣ ዘፋኟንና ፊልም ተመልካቹን፣ በመጨረሻ ያገናኘው ለድምፅ ብሎ ያልተነሣ ሰው ነው። ቤልጂጋዊው ዊም ታይማንስ ፓይፕዋየርን ሲጀምር ያሰበው ስለ ካሜራና የስክሪን ምስል ነበር። ድምፅን ሲጨምርበት ግን ማንም ፕሮግራሙን እንደገና እንዲጽፍለት አልጠየቀም። ለፐልስኦዲዮ የተጻፈ ፕሮግራም ሲያንኳኳ ፓይፕዋየር በፐልስኦዲዮ ቋንቋ ይመልስለታል፤ ለጃክ የተጻፈው ሲመጣ በጃክ። የማቆያውንም መጠን እንደ እንግዳው ይለውጣል፦ ፊልም ብቻ ሲኖር ትልቅ፣ ዘፋኟ ስትመጣ ትንሽ፣ ስትሄድ ተመልሶ ትልቅ። በኤፕሪል 2021 ፌዶራ 34 ፐልስኦዲዮን በፓይፕዋየር ሲተካ ብዙ ተጠቃሚ መለወጡን እንኳ አላወቀም። 1.0 ቅጂው በኖቬምበር 2023 ወጣ። አልሳም አልሞተም፤ ከሥር ሆኖ ከብረቱ ጋር ይነጋገራል።

ያው አልሳ በአብዛኞቻችን ኪስ ውስጥም አለ፤ አንድሮይድ ስልክ የሊኑክስ ከርነል ላይ የቆመ ነውና። ጉግል ከበላዩ የራሱን ንብርብር ሠራ፤ የመጀመሪያዎቹ ቅጂዎች መዘግየት ለሙዚቃ የሚሆን አልነበረም። የሙዚቃ መሣሪያ የሚሆኑ ፕሮግራሞች በእነዚያ ዓመታት በአይፎንና በአይፓድ ላይ የበዙትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። አንድሮይድ መዘግየትን የሚቀንስ በር በተገቢው መልኩ ያበጀው በ2017 በ8ኛው ቅጂ ነው።

ከጅዳ ወይም ከዋሽንግተን ወደ ቤተሰቡ በብሉቱዝ የጆሮ ማዳመጫ የሚደውል ሰው የቀረውን ክፍተት በጆሮው ያውቀዋል። ሙዚቃው ጥርት ብሎ እየተሰማ ሳለ ጥሪው ሲነሣ ድምፁ እንደ ድሮ ስልክ ይጠባል። የተለመደው ብሉቱዝ ሁለት የተለያዩ መንገዶች ስላሉት ነው፦ አንዱ ጥራት ያለው ግን ወደ ጆሮ ብቻ የሚሄድ፣ ሌላው ማይክንም የሚይዝ ግን በሰከንድ 8,000 ወይም 16,000 ቁጥር ብቻ የሚልክ። ማይክ ሲከፈት ስርዓተ ክወናው ከአንዱ ወደ ሌላው መዝለል አለበት። ይህን የሚያስቀረው አዲሱ የብሉቱዝ ደንብ በ2022 ተጠናቋል፤ ወደየሰዉ ጆሮ የሚደርሰው ግን ዕቃው ሲቀየር ነው።

አዲስ ጥያቄም መጥቷል። አፕል ከ2020 ጀምሮ በራሱ ቺፕ በሚሠራቸው ላፕቶፖች ላይ ያሉት ስፒከሮች ትንንሽ ናቸው፤ ትልቅ ድምፅ የሚሰጡት ለጥቂት ጊዜ ከአቅማቸው በላይ እየተነዱ ነው። የውስጣቸው ሽቦ እንዳይቃጠል ሙቀቱን እያሰላ ድምፁን የሚቀንሰው የአፕል ሶፍትዌር ነው። አሳሂ የተባለው ፕሮጀክት ሊኑክስን በእነዚህ ማሽኖች ላይ ሲያስነሣ ስፒከሮቹን ለረጅም ጊዜ ዘግቷቸው ቆየ። ሊከፍታቸው የደፈረው በማጉያው ላይ የሚለካውን ቮልቴጅና ከረንት እያነበበ የሽቦውን ሙቀት የሚገምት የጥበቃ ፕሮግራም ከጻፈ በኋላ ነው። ያ ፕሮግራም በሆነ ምክንያት ቢቆም ከርነሉ ድምፁን ወደማይጎዳ መጠን ያወርደዋል። የቁጥር ዓይነት፣ የመስመር ብዛት፣ ፍጥነት ብቻ በሚጠይቁት የቆዩ ደንቦች ውስጥ ለሙቀት ቦታ አልነበረም። ስለዚህ የፕሮጀክቱ ሰዎች ለየላፕቶፑ ሞዴል የስፒከሮቹን ጠባይ አጥንተው በየራሱ ፋይል ጻፉት።